ዩሮዳክ፦ ጣታችን፣ ፊታችን እና የልደት ቀናችን

በቪዲዮው ላይ በጥድፊያ ያለፍነውን እዚህ ረጋ ብለን እንጻፈው።

በኤስኲሊኖ፣ ከተርሚኒ ጎን በቪያ ጆሊቲም ሆነ በፒያሳ ቪቶሪዮ፣ አዲስ የመጣ ሐበሻ ሲገኝ አንድ ጥያቄ አይቀርም፦ «አሻራ የት ሰጠህ?» ላምፔዱዛ ላይ የሰጠ ሰው ስዊድን ገብቶ ጥገኝነት ቢጠይቅ ወደ ጣሊያን ሊመለስ ይችላል። ይህንን የሚያሳብቅበት ቋት ዩሮዳክ ይባላል። ሥራ የጀመረው በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 15 ቀን 2003 ነው።

ለመሆኑ እንዴት ነው የሚሠራው? የጣት መስመሮች ገና በማህፀን ሳለን ነው የሚሠሩት፤ መንትዮች እንኳን አንድ ዓይነት የላቸውም። ጣት መስታወቱ ላይ ሲያርፍ ከሥር የሚመጣው ብርሃን ከፍ ያሉት መስመሮች በነኩበት ቦታ ይበተናል፤ ጎድጎድ ያለው ቦታ ላይ ግን ተንጸባርቆ ወደ ካሜራው ይመለሳል። ስለዚህ መስመሮቹ ጠቁረው ይታያሉ። ከዚያ ሶፍትዌሩ መስመር የሚያልቅበትንና ለሁለት የሚከፈልበትን ነጥብ እየለቀመ ቦታውንና አቅጣጫውን በቁጥር ይመዘግባል። የሚነጻጸረው ይህ የነጥቦች ካርታ ነው። አሥሩም ጣት ስለሚወሰድ አንዱ ቢበላሽ ዘጠኙ ይናገራሉ። ማዕከሉ ስትራስቡርግ ነው፤ የሚመልሰውም በመሠረቱ «አለ» ወይም «የለም» ብሎ ነው።

ጣታቸውን በእሳት ወይም በአሲድ ያቃጠሉ ልጆች ነበሩ። አይጠቅምም። የመስመሩ ሥር ያለው ከላይኛው ቆዳ በታች ስለሆነ ቆዳው ሲድን ያው መስመር ተመልሶ ይበቅላል። ቃጠሎው ጥልቅ ከሆነ ደግሞ የሚቀረው ጠባሳ ራሱ መለያ ይሆናል።

ሌላው ችግር ግን የሐቀኛ ሠራተኛ ችግር ነው። ቀኑን ሙሉ በበረኪና የምታጸዳ እህታችን (ቃሉም ከዚሁ ከጣሊያን የሄደ ነው) ወይም ሲሚንቶ የሚያቦካ ወንድማችን መስመሩ ስለሚሳሳ ማሽኑ አላነብም ሊል ይችላል። ይህ ጥፋት አይደለም፤ በሌላ ጊዜ እንዲነሣ መጠየቅ ነው።

አሁን የሚለወጠው ምንድነው? አዲሱ የዩሮዳክ ደንብ ተግባራዊ እንዲሆን የተቆረጠለት ቀን ሰኔ 5 ቀን 2018፣ በፈረንጆቹ ጁን 12 ቀን 2026 ነው። አሻራ የሚወሰድበት ዕድሜ ከ14 ወደ 6 ዓመት ወርዷል። የፊት ምስል ተጨምሯል፤ አሻራው ለማነጻጸር ሲያንስ በፊት ይፈለጋል። ድንበር ያለ ፈቃድ ያቋረጠ ሰው መረጃ የሚቆየው 18 ወር ነበር፣ 5 ዓመት ሆኗል። የጥገኝነት ጠያቂው 10 ዓመት እንዳለ ነው።

ብዙ ሰው የሚፈራው ፊቱን ነው፤ እኛ ግን ይበልጥ የሚያሳስበን ሌላ ነገር ነው። የድሮው ዩሮዳክ ስም አይዝም ነበር፤ አሻራ፣ ጾታ፣ የተወሰደበት አገርና ቀን፣ የማጣቀሻ ቁጥር፣ በቃ። አዲሱ ስም፣ ዜግነትና የልደት ቀን ይይዛል። እዚህ ላይ ነው የእኛ የዘመን አቆጣጠር የሚገባው።

መስከረም 15 ቀን 2002 የተወለደ ልጅ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 25 ቀን 2009 ነው የተወለደው። በግርግሩ «2002» ብሎ ቢናገርና እንደዚያው ቢጻፍ፣ ደንቡ በሚጀምርበት ቀን በእውነቱ የ16 ዓመት ልጅ ሆኖ ሳለ በወረቀቱ የ23 ዓመት ጎልማሳ ነው። ጣሊያን ውስጥ ብቻውን የመጣን ልጅ የሚጠብቀው የ2017 ቁጥር 47 ሕግ፣ ዛምፓ የሚባለው፣ ለእሱ ቀረ ማለት ነው፤ ሞግዚት የለም፣ የልጆች ማረፊያ የለም። ስሕተቱ በአንድ ቢሮ ወረቀት ላይ ቢቀር ባልከፋ፤ አሁን ግን ከአሻራው ጋር ተጣብቆ አገር ለአገር ይዞራል። ጀርመን ላይ ትክክለኛውን ቢናገር ደግሞ «ዋሸህ» ሊባል ነው።

ሒሳቡን ያዙት፦ ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆቹ ዓመት ማብቂያ (ታኅሣሥ 22 ገደማ) 7 ይደመራል፣ ከዚያ በኋላ 8። ስምም እንዲሁ ነው፤ «ኮኞሜ» የሚለው ቦታ ላይ አንዴ የአባት፣ አንዴ የአያት ስም ከተጻፈ አንድ ሰው ሁለት ሰው ይመስላል። አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው መጽናት ይሻላል።

የልደት ማስረጃ ፍለጋ ኤምባሲ ለመሄድ የሚያስብ ጥገኝነት ጠያቂ ካለ፣ መጀመሪያ ጠበቃ ያማክር፤ ጉዳዩን ሊያበላሽበት ይችላል። «አገር ቤት ያለው መንግሥት ያየዋል ወይ?» ለሚለው፣ ጥገኝነት መጠየቃችሁን ለሦስተኛ አገር መግለጥ በደንቡ ክልክል ነው። አገር ቤት ያለው ፋይዳም አሥር ጣት፣ ዓይንና ፊት ይወስዳል፤ ግን ሌላ ቋት ነው።

በዩሮዳክ ውስጥ ምን እንደተጻፈባችሁ የመጠየቅና ስሕተቱን የማሳረም መብት አላችሁ። እምቢ ከተባለ አቤቱታ የሚቀርበው ሮም ለሚገኘው የግል መረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን፣ ለጋራንቴ፣ ነው። ዜግነት ያገኘ ሰው መረጃው ይሰረዛል። ከሁሉ የሚቀለው ግን ከመፈረም በፊት ነው፤ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ «ዳታ ዲ ናሺታ» የሚለውን መስመር በጣታችሁ ይዛችሁ አንብቡ፣ ዓመቱ የማን አቆጣጠር እንደሆነም አስጽፉ።