ዳስ፥ አዳራሽና ሐይቅ ዳር
በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የሰርግ ሥፍራ ታሪክ

ቃና የገሊላ መንደር ናት፤ ከናዝሬትም ሩቅ አይደለችም። ወንጌላዊው ዮሐንስ በዚያች መንደር የተደረገውን ሰርግ ሲጽፍ የድንጋዮቹን ጋኖች ስድስት ብሎ ቈጠረ፤ የሚይዙትንም ልክ ተናገረ፤ የወይን ጠጁ ማለቁንም አልሸሸገም። ሰርጉ የተደረገበት ቤት ግን ሰፊ ይሁን ጠባብ፥ ያማረ ይሁን ያላማረ፥ አንድ ቃል አልጻፈም። ማን በዚያ እንደ ነበረና ማን እንደ ተጠራ ግን ጽፏል።

በኢትዮጵያም በስምጥ ሸለቆ ያለችው አዳማ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በገሊላዪቱ ከተማ ስም ናዝሬት ተብላ ነበር፤ ዛሬ ወደ ቀድሞ ስሟ ተመልሳለች። በዚህች ከተማ ልጅ ለመዳር በሚሰናዳ ቤት አንድ ክርክር ይነሣል። አንዱ ወገን፦ «ሰርጉ በከተማው አዳራሽ ይሁን፤ ፋብሪካው ቢያጨስ፥ የጭነት መኪናውም ቢያጓራ፥ ሰው ሁሉ በቅርብ ይደርሳል» ይላል። ሌላው ወገን፦ «ቢሾፍቱ ወይም ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ይሁን፤ ልጆቹ በሕይወታቸው አንድ ጊዜ የሚያዩትን ቀን በጢስና በጩኸት መካከል ለምን ያሳልፉት?» ይላል። ነገሩ በውበትና በምቾት መካከል የተነሣ ክርክር ይመስላል። ታሪኩ ሲመረመር ግን ጥያቄው ሌላ ሁኖ ይገኛል።

በቀድሞው ዘመን የሰርግ ሥፍራ የሚመረጥ ነገር አልነበረም። ጋብቻው በተክሊልና በቍርባን የሚፈጸም እንደ ሆነ ሥፍራው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ፍትሐ ነገሥትም ጋብቻ ያለ ካህናትና ያለ ጸሎት እንዳይጸና ይደነግጋል። ድግሱ ግን በወላጆች ደጅ ነበረ። ጎረምሶች ባላና ማገር ቈርጠው ዳስ ይጥላሉ፤ በቅጠል ያለብሳሉ፤ መሬቱን ቄጤማ ይጎዘጕዛሉ። ሴቶች ጌሾ ይወቅጣሉ፥ ጠላ ይጠምቃሉ፥ እንጀራ ይጋግራሉ። ጋኑ ከአንዱ ቤት፥ ምጣዱ ከሌላው ቤት ይመጣል። ስለዚህ ዳስ የእንግዶች ጥላ ብቻ አልነበረም፤ የጎረቤት ሥራ ነበር። ዳሱ ከደጅ የማይርቀውም እንጨቱን የተሸከመው፥ ውሃውን የቀዳው፥ ወጡን የሠራው ሰው በዚያ ስላለ ነው።

ደግሞም ዳሱ አንድ አልነበረም፤ ሁለት ነበረ እንጂ። ሙሽራው ከሚዜዎቹ ጋራ ወደ ሙሽራዪቱ አባት ደጅ ይሄዳል፤ በዚያ በልቶና ጠጥቶ ሙሽራዪቱን ይዞ ወደ አባቱ ዳስ ይመለሳል፤ ኋላም በመልስ ሁለቱ ተያይዘው ወደ ሙሽራዪቱ ቤት ይሄዳሉ። በአርሲ ኦሮሞም ዘንድ ሙሽራዪቱ ከእናቷ ሲንቄ የተባለውን በትር ተቀብላ ከወላጆቿ ደጅ ትነሣለች። «የማን ቤት ይሁን?» የሚለው ጥያቄ ሁለቱንም ቤቶች በማክበር ተፈትቶ ነበር ማለት ነው።

ሐይቁስ? ሐይቁ በዚያ ዘመንም ውብ ነበር፤ ነገር ግን የድግስ ሥፍራ አልነበረም። በዝዋይ ሐይቅ ደሴት ያለው ገዳም የጸሎት ቦታ ነው። የቢሾፍቱው ሆራ አርሰዲ ኦሮሞ በኢሬቻ ዕለት እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ምስጋና የሚያቀርብበት ነው። ከዚህም በቀር ዳርቻው ሁሉ የከብት ማጠጫ ነበር።

ይህን ሥርዐት አስቀድሞ የለወጠው ባቡር ነው። የጅቡቲው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። አዋሽ፥ መተሐራ፥ አዳማ፥ ሞጆና ቢሾፍቱ የጣቢያ ከተሞች ሆኑ። ነጋዴውና የባቡር ሠራተኛው ከየአገሩ ተሰበሰበ፤ የሙሽራው አባት በአንድ ጠቅላይ ግዛት፥ የሙሽራዪቱም አባት በሌላ ጠቅላይ ግዛት ሆነ። በኪራይ ቤት ደጅ የዳስ ባላ የሚተከልበት ቦታ አይገኝም። በዚህ ጊዜ ዘመድ በሩቅ የቀረበት ሰው እድርን እንደ ዘመድ ያዘ። የእድሩ ድንኳን በመንገድ ዳር ተተከለ፤ ለሐዘን የተገዛው ድስትና አግዳሚ ወንበር ለደስታም ዋለ። ዳሱ ቅጠሉን ጥሎ ሸራ ቢለብስም የጎረቤት ሥራነቱ አልቀረም።

ሁለተኛው ለውጥ ከፋብሪካ መጣ። በ1946 ዓ.ም. የሆላንዱ ኩባንያ ኤች ቪ ኤ ያቋቋመው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። ከከምባታ፥ ከሐድያና ከወላይታ ብዙ ሰው አገዳ ለመቍረጥ ወረደ፤ የጂሌ ኦሮሞ ከብት የሚሰማራበት ሜዳም የአገዳ እርሻ ሆነ። ገበሬ አዝመራውን ከከተተ በኋላ፥ ዐቢይ ጾም ሳይገባ፥ በጥር ወር ልጁን ይድራል። አገዳ የሚፈጨው ግን በዚሁ በበጋ ነው፤ ፋብሪካው የሚያርፈውም በክረምት ነው። እንግዲህ ለአባትየው የዕረፍት ወር የነበረው ለልጅየው የሥራ ወር ሆነ። በፈረቃ የሚሠራ ሰው ቀን ሙሉ ዳስ ሊጥል፥ ሳምንት ሙሉ ሊደግስ አይችልምና ሰርጉ ወደ አንዲት የዕረፍት ቀን አጠረ። ቀኑ ሲያጥር ተሠርቶ የሚቈይ ቤት አስፈለገ፤ አዳራሽ መከራየትም በዚህ ምክንያት ተለመደ። ስለዚህ የከተማው አዳራሽ ከድሎት የተወለደ አይደለም፤ ከጊዜ ማነስ የተወለደ ነው።

ሐይቅ ዳሩም ከፋብሪካ የተለየ አለመሆኑን ማስተዋል ይገባል። ገሊላ እየተባለም ይጠራ የነበረው የቆቃ ሐይቅ ሰው የሠራው ነው፤ አዋሽ በ1952 ዓ.ም. በግድብ ታግዶ ለኤሌክትሪክ ኀይል የተጠራቀመ ውሃ ነው። ሙሽሮች ዛሬ ከጢስ ሸሽተው ፎቶግራፍ የሚነሡበት ውሃ ራሱ የፋብሪካውን መኪና ሊያዞር የተዘጋጀ ነበር። የላንጋኖንና የሻሸመኔን መንገድ ለእንግዳ የከፈቱትም እንደ አቶ በቀለ ሞላ ያሉ ባለ ሆቴሎች ናቸው፤ የሶደሬ ፍል ውሃም የከተማ ሰው መዝናኛ ሆነ። በ2007 ዓ.ም. የአዲስ አበባና የአዳማ የፍጥነት መንገድ ሲከፈት መኪና ላለው ሰው ሩቁ ቀረበ። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ። ስለዚህ ሁለቱ ሥፍራዎች ጠላቶች አይደሉም፤ ከአንድ መንገድ የተወለዱ ወንድማማቾች ናቸው።

ታዲያ ልዩነታቸው ምንድር ነው? ልዩነቱ በእግር መድረስና አለመድረስ ነው። በደጅ በተጣለው ዳስ ያልተጠራ ጎረቤት አልነበረም፤ ነዳያንም በበሩ ተቀምጠው ይበሉ ነበር። በከተማው አዳራሽ የጥሪ ወረቀት በር ላይ ይታያል፤ ቢሆንም አሮጊቲቱ አያት በጋሪ ወይም በባጃጅ ደርሳ ልጇን መርቃ ትመለሳለች። ሐይቅ ዳር ሲሆን ግን እንግዳው በመኪናው ወንበር ልክ ይቈጠራል። ያን ጊዜ አስቀድማ የምትቀረው ሽንኵርቱን የከተፈችው ጎረቤት ናት፤ ከእርሷም ጋራ ዐይኑ የደከመው ሽማግሌና መኪና የሌለው የእድር አባል ይቀራሉ። ሰርገኛው ውብ ውሃ ያያል፤ ያሳደጉትን ሰዎች ግን አያይም።

ለሐይቅ ዳር የሚከራከሩትም ያለ ምክንያት አይናገሩም። እግዚአብሔር የፈጠረውን ውበት መውደድ ነውር አይደለም፤ የከተማው ጩኸትም የሽማግሌን ምርቃት ሳይሰማ ያስቀራል። ስለዚህ አንዳንድ ብልሆች ነገሩን እንደ ጥንቱ በሁለት ከፍለው ፈትተውታል። ተክሊሉ በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል፤ ምሳው ጎረቤት ሁሉ በሚደርስበት በሰፈር ድንኳን ወይም በቅርብ አዳራሽ ይበላል፤ ከዚያ በኋላ ሙሽሮቹ ከሚዜዎቻቸው ጋራ ጥቂት ሰዓት ወደ ሐይቅ ዳር ይወርዳሉ። ጥንት ሁለቱ ደጆች እንደ ተከበሩ፥ ዛሬም ሰውና ሥፍራ በየተራቸው ይከበራሉ።

ይህን ማድረግ የማይቻለው ሰው ግን አንዱን መምረጥ ግድ ቢሆንበት፥ አስቀድሞ የሚቈጥረው የሚቀሩትን ሰዎች ይሁን። በቃና ወይን ጠጅ ባለቀ ጊዜ ጕድለቱን አይታ የተናገረች እናት በዚያ ነበረች፤ ጋኖቹን እስከ አፋቸው በውሃ የሞሉ አገልጋዮችም ነበሩ። እነዚያ ከሰርጉ ቀርተው ቢሆን የቤቱ ማማር ጕድለቱን ባልሞላም ነበር።