ሰር ሮበርት ጀፍሪ፦ የለንደኑ ባለጸጋ፣ የመጦሪያ ቤቶቻቸውና የሐውልታቸው ሙግት

ሰር ሮበርት ጀፍሪ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩ የለንደን ነጋዴ ናቸው። የከተማዪቱ ሎርድ ሜየር ሆነው አገልግለዋል፤ ሀብታቸውንም ለአረጋውያን መጦሪያ ተናዝዘው አልፈዋል። ለረጅም ዘመን ስማቸው ሲነሣ የሚታወሰው ቸርነታቸው ነበር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ከቸርነታቸው ይልቅ የቸርነታቸው ምንጭ መነጋገሪያ ሆኗል።

ጀፍሪ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1613 በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በኮርንዎል ግዛት፣ ላንድሬክ በምትባል የገጠር ደብር ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው ወደ ለንደን አቅንተው በብረታ ብረት ነጋዴዎች ማኅበር ሥር በለማጅነት ገቡ። ይህ ማኅበር ከለንደን 12 ታላላቅ የንግድ ማኅበራት አንዱ ነው። ሆኖም አባል ለመሆን የግድ ሚስማርና ማጭድ መሸጥ አያስፈልግም ነበር፤ አባልነት በከተማዪቱ የመነገድ መብትና ወደ ሹመት የሚያደርስ መሰላል ነበርና። ጀፍሪም ዓይናቸውን ከብረት አልፈው ወደ ባሕር ማዶ ንግድ አነሡ። ማኅበሩን ሁለት ጊዜ በሊቀ መንበርነት መርተዋል። በ1673 የሸሪፍነት ሹመትና የሰርነት ማዕረግ፣ በ1685 ደግሞ የሎርድ ሜየርነት መንበር አግኝተዋል።

ባለቤታቸው ፕሪሲላ በ1676 ከዚህ ዓለም በሞት ሲለዩ ልጅ አልነበራቸውም። ጀፍሪ በ1704 በ90 ዓመታቸው ሲያርፉ ለትውልድ ደብራቸው ትምህርት ቤት የሚሆን ገንዘብ ትተዋል፤ ትምህርት ቤቱ እስካሁን በስማቸው ይጠራል። ከሌሎች ስጦታዎች የተረፈው ሀብታቸው ለብረታ ብረት ነጋዴዎች ማኅበር እንዲሰጥና ለድሆች መጦሪያ ቤቶች እንዲውል ተናዘዙ። ማኅበሩም በዚያን ጊዜ ከከተማው ዳርቻ በነበረችው በሾርዲች፣ በኪንግስላንድ ጎዳና ላይ መሬት ገዝቶ በ1714 ግንባታውን አጠናቀቀ። በሣር ሜዳ ዙሪያ የተሠሩት 14 ቤቶች ሲሆኑ እያንዳንዳቸው አራት ክፍሎች ነበሯቸው፤ በመካከላቸው ጸሎት ቤት አለ። ከጸሎት ቤቱ በር በላይ የለጋሹ ሐውልት ቆመ። ጧሪ ያጡ ሽማግሎችና መበለቶች ለ200 ዓመታት ገደማ በዚህ ተጦረዋል።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ አካባቢው በሕዝብና በፋብሪካ ተጨናነቀ። ማኅበሩ ተጧሪዎቹን ወደ ሞቲንግሃም አዛወረ፤ የለንደን አውራጃ ምክር ቤትም ግቢውን ገዝቶ በ1914 ሙዚየም አደረገው። ሾርዲች የቤት ዕቃ ሠሪዎች መንደር ስለነበረች ሙዚየሙ የተቋቋመው ለእነርሱ ትምህርት እንዲሆን ታስቦ ነው። በሂደትም ሎንዶናውያን ባለፉት 400 ዓመታት እንዴት እንደኖሩ የሚያሳዩ የሳሎን ክፍሎች ማሳያ ሆነ። ዋናው ሐውልት ከተጧሪዎቹ ጋር ሄዷል፤ ዛሬ ከበሩ በላይ የሚታየው ቅጂው ነው። እንግዲህ ያ ሁሉ ሙግት የተነሣው በቅጂ ላይ መሆኑ ነው።

የሙግቱ መነሻ ግልጽ ነው። ጀፍሪ ገንዘባቸውን ካዋሉባቸው ተቋማት አንዱ ሮያል አፍሪካን ካምፓኒ ነበር። ይህ ኩባንያ በንጉሣዊ ፈቃድ ከምዕራብ አፍሪካ ከመቶ ሺህ በላይ ሰዎችን በባርነት ወደ አሜሪካ ምድር አግዟል። ከዚህም ሌላ ጀፍሪ ባሪያ ጫኝ የሆነች የአንዲት መርከብ የጋራ ባለቤት ነበሩ። ነገሩ አዲስ ግኝት ባይሆንም አደባባይ የወጣው ሰኔ 2020 ላይ ነው፤ በብሪስቶል ከተማ ሰልፈኞች የዚሁ ኩባንያ ሹም የነበረውን የኤድዋርድ ኮልስተንን ሐውልት ገንድሰው ወደ ወደቡ ውኃ ሲጥሉት። በዚያው ወር ማብቂያ በለንደን ዊምብልደን፣ ካኒዛሮ መናፈሻ ይገኝ የነበረው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሐውልትም ተሰባብሯል። የዚህኛው ምክንያት ፍጹም ሌላ ቢሆንም ያ በጋ በከተማዪቱ ለሐውልት የማይመች ነበር።

ከ2019 ጀምሮ የጀፍሪን ስም ትቶ “የመኖሪያ ቤት ሙዚየም” በሚል መጠሪያ የሚታወቀው ተቋም ሕዝቡን አማከረ። ከ2,000 በላይ ሰዎች አስተያየት ሲሰጡ አብዛኞቹ ይነሣ አሉ። የሙዚየሙ ቦርድ ግን በሐምሌ ወር ሐውልቱ ባለበት እንዲቆይ ወሰነ። የባህል ሚኒስትሩ አስቀድመው ለሙዚየሙ የጻፉት ደብዳቤ የመንግሥትን አቋም አመልክቶ ነበር፤ የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ተቋም እንዲህ ያለውን ደብዳቤ እንደ ተራ ምክር ሊያነበው አይችልም። ሙዚየሙ በሰኔ 2021 ከዕድሳት በኋላ ሲከፈት ተቃዋሚዎች ደጁ ላይ ተሰለፉ። በዚያው ዓመት ቦርዱ ሐውልቱ እዚያው ግቢ ውስጥ ብዙም ጎልቶ ወደማይታይ ስፍራ ቢዛወር እንደሚመርጥ አስታውቋል።

ተቃዋሚዎች ጥያቄያቸው ታሪክ ይፋቅ የሚል እንዳልሆነ ይናገራሉ። ጥያቄያቸው ሰው ወደ ውስጥ ሲገባ ከአናቱ በላይ በክብር የሚቀበለው ማን ይሁን የሚል ነው። ይነሣ የሚለውን የሚቃወሙት ደግሞ ሐውልቱ ከሌለ የባርነቱም ታሪክ አብሮ ይረሳል ይላሉ። ሁለተኛው ክርክር ደካማ ይመስላል፤ ሐውልቱ ለዘመናት ከበሩ በላይ ሲቆም ስለ መርከቧ አንዳች ነገር ተናግሮ አያውቅምና።

የጀፍሪና የባለቤታቸው አፅም በመጀመሪያ ያረፈው በለንደን ከተማ እምብርት በቅዱስ ዲዮኒስ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ በ1878 ሲፈርስ አፅማቸው ወደ መጦሪያ ቤቶቹ ግቢ ተዛውሯል፤ መቃብራቸው ዛሬም ከሙዚየሙ ሣር ሜዳ አጠገብ ይገኛል።