ኬይሽ እህቱን ፍለጋ ሲወርድ

ነገሩ የጀመረው በወርቅ አይደለም። የጀመረው ወሬዋ በጠፋ እህት ነው።

ስሟ ሻው ትላ ነው፤ ፈረንጆቹ ኬት ይሏታል። አገሯ በካናዳ ሰሜን ምዕራብ ጥግ፣ ከአላስካ ጋር የሚዋሰነው የዩኮን ምድር ነው። ወገኖቿ ታጊሾች ይባላሉ፤ ሐይቅ ዳር የሚኖሩ አዳኞችና ነጋዴዎች። ጆርጅ ካርማክ የሚባል አሜሪካዊ አግብታ፣ ታላቁን የዩኮን ወንዝ ተከትላ ከባሏ ጋር ወደ ሰሜን ወረደች። ከዚያ በኋላ ደብዛዋ ጠፋ። ጊዜው ሲረዝም ወንድሟን ኬይሽን አላስቻለውም። የእህቱን ልጅ ቻርሊን ይዞ፣ እሷን ፍለጋ ወንዙን ወረደ።

ይህ ኬይሽ ብርቱ ሰው ነበር። ወደ ዩኮን የሚያሻግረውን የቺልኩትን አቀበት የሰው ዕቃ እየተሸከመ ሲወጣ ሲወርድ ያደገ ነው፤ በአንድ ጉዞ ከ70 ኪሎ በላይ የአሳማ ሥጋ ተሸክሞ ወጥቷል እየተባለ ይወራለታል። ነጮቹም ለዚህ ነው ስኩከም ጂም ያሉት፤ ስኩከም በዚያ አገር የገበያ ቋንቋ ጉልበተኛ ማለት ነው። ታጊሾች ግን ስለ እሱ ሲያወጉ ከጉልበቱም ከወርቁም በፊት እንቁራሪቷን ያነሳሉ። ጉድጓድ ገብታ መውጣት ያቃታትን እንቁራሪት አወጣት፤ ኋላ ቆስሎ በተኛ ጊዜ መጥታ ቁስሉን ላሰችለት፤ በሕልሙም በሴት ተመስላ ታየችውና ሀብትህ ከወንዙ ታች ነው አለችው ይላሉ። እኔ ይህን ጨዋታ ከታሪኩ ነጥዬ ማውራት አልወድም፤ ባለቤቶቹ የሚያወሩት እንደዚህ ነውና።

እህቱን አገኛት። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1896 በጋ፣ አንድ ገባር ወንዝ ከዩኮን በሚገናኝበት አፍ ላይ፣ ከባሏ ጋር ሳልሞን ዓሣ ሲያጠምዱ ደረሰ። የዚያ ወንዝ ሰዎች ትሮንዴክ ሁወችን ናቸው። ወንዙን ትሮንዴክ ይሉታል፤ የዓሣ ማጥመጃውን ችካል ወንዙ ውስጥ በድንጋይ መዶሻ ስለሚተክሉ ስሙ ከመዶሻው መጣ። የፈረንጅ ምላስ ስሙን ሲያንከባልል ክሎንዳይክ አደረገው፤ ዓለምም የያዘው ይህንኑ ነው።

እዚያ ሳሉ ሮበርት ሄንደርሰን የሚባል ካናዳዊ ወርቅ ፈላጊ መጣ። ከኮረብታው ማዶ ጥቂት ወርቅ አግኝቷል። በወርቅ ፈላጊዎች ወግ ያገኘ ሰው ለሌላው ይነግራል፤ እሱም ለካርማክ ነገረው። ነገር ግን አንተ ና፣ እነዚህ አገሬዎች ግን እንዲመጡ አልፈልግም አለ፤ እየሰሙት። ኋላ እስከ ሰፈሩ ሄደው ቢጎበኙት፣ ኬይሽና ቻርሊ ትምባሆ ሽጥልን ብለው ገንዘብ ቢያወጡ እንኳ እምቢ አላቸው። ያቺን ትምባሆ ልብ በሉልኝ።

ከዚህ በኋላ ያለውን አንድ ቀን በእኛ አቆጣጠር ልንገራችሁ፤ ነሐሴ 11 ቀን 1888 ዓ.ም. ነበር። የአድዋ ድል ከተገኘ ገና አምስት ወር ተኩል፤ እዚህ ሰው ፍልሰታን ይጾማል። እዚያ እነ ኬይሽ ጥንቸል ወንዝ በሚባል ትንሽ ጅረት ዳር አርፈዋል። እዚያው ጅረት ውስጥ ወርቅ ተገኘ። ቀድሞ ማን አየው? ካርማክ እስኪሞት እኔ ነኝ እንዳለ ነው። ኬይሽና ዘመዶቹ ደግሞ ኬይሽ ነው አሉ፤ ከወንዙ ውኃ ሊቀዳ፣ ዕቃ ሊያጥብ ወርዶ አየው። ቀድሞ ያየውን ለመለየት ዛሬ ማንም አይችልም፤ እኔ ግን ልቤ ወደ ኬይሽ ያደላል።

በማግስቱ ችካል ተከሉ። ሕጉ ለመጀመሪያው አግኚ ሁለት ቦታ፣ ለሌላው አንድ አንድ ይሰጣል፤ አንዱ ቦታ በጅረቱ ርዝመት 150 ሜትር ያህል ነው። ካርማክ የአግኚነቱን ቦታ በአገሬው ሰው ስም አይመዘግቡልንም ብሎ በራሱ ስም አደረገው። ኬይሽም ቻርሊም አንድ አንድ ደረሳቸው። ለኬት በስሟ የተተከለ ችካል አልነበረም።

ካርማክ ወርቁን በጥይት ቀለህ ሞልቶ፣ ፎርቲማይል ወደምትባለው የወርቅ ፈላጊዎች መንደር ወርዶ መጠጥ ቤት ውስጥ ዘረገፈው። የወርቁን መልክ ያዩ አዋቂዎች ከማያውቁት ጅረት የመጣ መሆኑን ለዩ። መንደሩ በቀናት ውስጥ ባዶ ሆነ። ከኮረብታው ማዶ ለሚቆፍረው፣ ትምባሆ ለከለከላቸው ለሄንደርሰን ግን ሄዶ የነገረው የለም። ሲሰማ ጅረቱ ሙሉ በሙሉ ተይዟል።

አሁን ወደ ጉድጓዱ እንውረድ፤ የወርቁን ዋጋ የማያሳይ ወሬ ወሬ አይደለም። የዚያ አገር መሬት ክረምት ከበጋ እንደ አለት የጠጠረ በረዶ ነው፤ ዶማ ቢያሳርፉበት ነጥሮ ይመለሳል። ወርቁ ያለው ደግሞ ከታች፣ ደለሉ ከድንጋዩ ወለል በሚገናኝበት ነው። ስለዚህ ማታ እንጨት ይከምሩና እሳት ይለኩሳሉ። ጠዋት አመዱን ጠርገው፣ የቀለጠችውን ስንዝር ሁለት ስንዝር አፈር ቆፍረው ያወጣሉ፤ ማታ ደግሞ እሳት። ጉድጓዱ ሲጠልቅ አንዱ ከታች በጭስ እየታፈነ ባልዲ ይሞላል፣ አንዱ ከላይ በእጅ በሚዞር እንጨት ገመዱን እየጠቀለለ ይስባል። የወጣው አፈር ወዲያው ተመልሶ ይበርዳል፤ ስለዚህ ክረምቱን ሙሉ ይከመራል እንጂ አይታጠብም። ቆፋሪው ለወራት የሚቆልለው ሀብት ይሁን ተራ ጠጠር አያውቅም። አልፎ አልፎ አንድ እፍኝ በገበቴ ይዞ ጎጆው ገብቶ፣ በረዶ አቅልጦ ያጥባል፤ በመብራት ዘንበል አድርጎ ጥቁሩን አሸዋ ሲያንሸራትት ከገበቴው ጥግ ቢጫው ይቀራል። ፀደይ ሲብት ውኃ በእንጨት ቦይ ይለቀቃል፣ ክምሩ ይታጠባል፣ ከባዱ ወርቅ ከቦዩ ወለል በተጋደሙት እንጨቶች ሥር ይተኛል። ኬት በእነዚያ ወራት ጓንትና የቆዳ ጫማ እየሰፋች ለቆፋሪዎች ትሸጥ ነበር፤ ወርቁ እስኪታጠብ ጎጆው የኖረው በመርፌዋም ጭምር ነው።

ዓለም የሰማው ከዓመት በኋላ፣ በሐምሌ 1897 ነው። ሁለት መርከቦች፣ አንዱ ሳን ፍራንሲስኮ አንዱ ሲያትል፣ ወርቅ በሻንጣና በብርድ ልብስ ጠቅልለው የያዙ ሰዎች አወረዱ። አሜሪካ ከ1893 ጀምሮ በኢኮኖሚ ድቀት የተጎዳች ናት። የሲያትሉ ከንቲባ እንኳ ሥራውን ለቆ ተነሳ። 100 ሺህ ያህል ሰው መንገድ ጀመረ።

የካናዳ ፖሊሶች ረሃብ ፈርተው፣ የዓመት ስንቅ ያልያዘ ድንበሩን አያልፍም አሉ። ስንቅና ዕቃው ሲደመር አንድ ቶን ገደማ ነው። በቺልኩት አቀበት በረዶው ላይ በተቀረጸው ደረጃ፣ ሰው ከሰው ኋላ ተጣብቆ፣ አንዱ ሰው ያንኑ ተራራ ሠላሳና አርባ ጊዜ ይመላለሳል። በፈረንጆቹ ሚያዝያ 3 ቀን 1898 የበረዶ ናዳ ወርዶ ከ60 በላይ ሰው ቀበረ። በጎረቤቱ በዋይት ፓስ መንገድ 3,000 ያህል የጭነት ፈረሶች አለቁ። ከተነሡት መካከል ከ30 እስከ 40 ሺህ የሚሆኑት በክሎንዳይክ ወንዝ አፍ ወደተቆረቆረችው ዳውሰን ከተማ ደረሱ። ሲደርሱ ጥሩ ጥሩው ጅረት ሁሉ ከተያዘ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። በ1899 ኖም በምትባል የአላስካ ዳርቻ ወርቅ ተገኘ ሲባል ብዙዎቹ ወደዚያው ጎረፉ።

የመዶሻው ወንዝ ሰዎችስ? ዓሣ የሚያጠምዱበት ሰፈር በቆፋሪ ተወረረ፣ ዛፉ ለጉድጓዱ እሳት ተመነጠረ፣ አውሬው ሸሸ። አለቃቸው አይዛክ በ1897 ሕዝቡን ይዞ ከዳውሰን አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዶ ሙስሃይድ ሰፈረ። ዘፈኖቻችን በዚህ ግርግር ይጠፋሉ ብሎ ስለሰጋ አላስካ ላሉት ዘመዶቹ በአደራ ሰጠ። ወርቁን የጫኑ መርከቦች ስንት እንደወሰዱ ሰው ይጽፋል፤ እኔን ግን የሚያስደንቀኝ ይህ አደራ ነው። ዘመዶቹ ጠብቀው ያዙት፤ ከዘመናት በኋላ የልጅ ልጆቹ ሄደው ዘፈኖቹን ተምረው ተመለሱ።

ካርማክ በ1900 ኬትን ትቶ ሌላ አገባ። ቻርሊ በ1908 በአገራቸው በካርክሮስ ከድልድይ ወድቆ ሞተ። ኬይሽ በ1916 ሲሞት ከሀብቱ ለወገኖቹ መርጃ የሚሆን ገንዘብ አስቀምጦ ነበር። የካናዳ ማዕድን የክብር መዝገብ በ1999 የካርማክን፣ የኬይሽን፣ የቻርሊንና የሄንደርሰንን ስም ሲያሰፍር ኬት አልነበረችበትም፤ የእሷ ስም የገባው በ2019 ነው።

ባሏ ከተዋት በኋላ ወደ አገሯ፣ ወደ ካርክሮስ ተመለሰች። ያረፈችው በ1920፣ እዚህ የኅዳር በሽታ የተባለው ወረርሽኝ ዓለምን ባዳረሰበት ዘመን ነው። የኖረችባትን ጎጆ የሠራላት ኬይሽ ነበር፤ እሷን ፍለጋ ወንዙን የወረደው ወንድሟ።