ላምባ፣ ንፋስ፣ እሳት፦ የወልቂጤና የቡታጅራ ምድጃ ጠጋኞች

ስለ ጉራጌ ሲጻፍ እንሰቱ፣ መስቀሉ፣ መርካቶውና መንገዱ አይቀሩም። ምድጃ ጠጋኙን ግን ያነሣ ጽሑፍ እስካሁን አልገጠመኝም። እኔ ያደግሁት በምድጃ ጠጋኝ ቤት ነው። አጎቴ መጀመሪያ በቡታጅራ፣ በኋላም በወልቂጤ፣ ከጅማ መንገድ ዳር ባለች የቆርቆሮ ሱቅ የሰው ምድጃ ሲጠግን ኖሯል። ሳሙና የማያስለቅቀው የላምባ ሽታ ከእጁ አይጠፋም ነበር። ዛሬ ያ ሙያ ሊረሳ ተቃርቧል፤ የማውቀውን ልጻፍ ያልሁት ለዚህ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከጢስ ነው። በጉራጌ ጎጆ እሳት የሚነደው ቤት ውስጥ ነው። ጢሱ ሽቅብ ወጥቶ በሣሩ ክዳን መሐል ሾልኮ ይሄዳል። ዓይን ያስለቅሳል፣ ያስላል፤ ግን ሥራም አለው። ሣሩን ያደርቃል፣ እንጨቱን ከነፍሳት ይጠብቃል። እሳት የማይነድበት ጎጆ ክዳኑ ቶሎ ይበሰብሳል። ስለዚህ ገጠር ለነበሩት እናቶቻችን ጢስ የሌለው ምድጃ የሚያጓጓ ነገር አልነበረም። ይህን ሳያገናዝቡ «ሕዝቡ አዲስ ነገር አይወድም» የሚሉ ሰዎች ጎጆ ውስጥ አድረው የሚያውቁ አይመስለኝም።

ሁኔታውን የለወጠው ቆርቆሮ ነው፤ ቆርቆሮን ያመጣው ደግሞ መንገድ። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የጅማን መንገድ ሠሩ፤ ወልቂጤም በዚያ መንገድ ዳር አደገች። በ1950ዎቹ የአካባቢው ተወላጆች አዲስ አበባ ላይ ተሰባስበው ከየኪሳቸው ገንዘብ እያዋጡ ከዓለም ገና በቡታጅራ በኩል ወደ ወላይታ ሶዶ የሚወስደውን መንገድ ለማሠራት ተነሡ። መኪና ሲገባ የቆርቆሮ ክዳን ገባ፣ የኪራይ ክፍል ገባ፣ ሻይ ቤት ገባ። በቆርቆሮ ቤት ጢስ የሚጠብቀው ሣር የለም፤ መውጫም የለውም። የላምባ ምድጃ ከተማ ውስጥ ቦታ ያገኘው ያን ጊዜ ነው። ለመስቀልና ለዐረፋ ከመርካቶ የሚመጣ ልጅ ለእናቱ ከሚይዛቸው ዕቃዎች አንዱ ምድጃ ሆነ።

አጎቴ ከሁሉ አብልጦ የሚያከብረው ፕሪሙስን ነበር። ፕሪሙስን ፍራንስ ቪልሄልም ሊንድክቪስት የሚባል ስዊድናዊ እ.ኤ.አ. በ1892 ስቶክሆልም ውስጥ ሠራው። ክር የለውም። ላምባው ከሆዱ ውስጥ በፓምፕ ንፋስ ይገፋል፣ በቀጭን ቧንቧ ወደ ራሱ ይወጣል፣ በጋለው ራስ ውስጥ ተንኖ ከመርፌ ጫፍ በጠበበች ቀዳዳ ይወረወራል። በትክክል ሲነድ ነበልባሉ ሰማያዊ ነው፤ ሲያጓራ ከደጅ ይሰማል። ራሱ ሳይግል ከተለኮሰ ግን ላምባው ሳይተን ይወጣና ቢጫ ነበልባል ወደ ላይ ይዘልላል። በዚህ የተነሣ የስንቱ ፀጉርና መጋረጃ ተቃጥሏል! አስቀድሞ ራሱ ሥር ካለችው ሳህን ላይ ጥቂት አልኮል አንድዶ ማሞቅ ያስፈልጋል።

ደንበኛ «አልነድ አለኝ» ብሎ ሲመጣ አጎቴ ምንም ሳይፈታ በቅደም ተከተል ይጠይቃል። ላምባ አለው? ንፋስ ይይዛል? ራሱ ግሎ ነበር? ቅደም ተከተሉን አያፋልስም። ፓምፑ እጅ ላይ ከቀለለ ውስጡ ያለችው የቆዳ ቁራጭ ደርቃለች ማለት ነው፤ ዘይት አጠጥቶ፣ በጣቱ አለስልሶ ይመልሳታል። ፓምፑ ደህና ሆኖ ንፋሱ የሚያመልጥ ከሆነ የክዳኑ ጎሚኒ አልቋል፤ ወይም ብየዳው ተሰንጥቋል። ንፋስም ሙቀትም እያለ እሳቱ ከደከመ መርጫዋ ቀዳዳ በጥቀርሻ ተዘግታለች። ለእርሷ ጫፉ ላይ አንዲት ፀጉር የምታህል ሽቦ ያለው ቀጭን ቆርቆሮ ነበረው፤ ያንን ለማንም አያውስም። ቀዳዳዋን የሚያሰፋ ጠጋኝ ገዳይ ነው ይል ነበር፤ ቃሉ እውነት ነበር።

የክር ምድጃው፣ ሰዉ ቡታጋዝ እያለ የሚጠራው፣ ርካሽና ዝምተኛ ስለሆነ በሥራ ብዛት ፕሪሙስን በለጠው። የአሰብ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ እስከተዘጋበት እስከ 1997 ድረስ ነዳጅ ሲያጣራ ኖሯል። በዚያ ዘመን በላምባ ማብሰል የከተማ ሰው ወግ ሆነ። የቡታጋዝ ሕመም ቀላል ነው፦ ክሮቹ ጫፋቸው ከሰል ይሆናል፣ እኩል አይቆሙም፣ የአየር ቀዳዳዎቹ በጥላሸት ይደፈናሉ። አስቸጋሪው የላምባው ሕመም ነበር። ውሃ የገባበት ላምባ እየተንጣጣ ይጠፋል፤ ናፍጣ የተቀላቀለበት ጥቁር ጢስ ይተፋል። አጎቴ ላምባውን በጠርሙስ ቀድቶ ወደ ፀሐይ እያነሣ ያያል፣ በጣቶቹ መሐል ያሻል፣ ያሸታል። ምድጃው ደህና ከሆነም «ይሄ የምድጃ አይደለም» ብሎ ሳይከፈለው ይመልሳል። ይህን ልማዱን እስከ ዛሬ አደንቃለሁ።

ቆጮን ግን ፕሪሙስም ቡታጋዝም አላሸነፉትም። ቆጮ በምጣድ ላይ ረጋ ያለና ሰፊ እሳት ይፈልጋል። ስለዚህ ላምባው ለሻይ፣ ለቡናና ለወጥ ሆኖ ባሕር ዛፉ ለምጣድ ቀረ። በ1980ዎቹ ከሰል ቆጣቢው ላቀችና የእንጀራው ምርጥ ምድጃ ከመጡ በኋላም ሦስቱ ጉልቻ ከብዙ ቤት አልወጣም። የጢሱን ጉዳት ለማወቅ ቡታጅራ ራሷ ምስክር ናት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ በ1979 ዓ.ም. አካባቢ በጀመሩት የቡታጅራ የገጠር ጤና ጥናት የሕፃናት የመተንፈሻ አካላት ሕመም ከመጀመሪያዎቹ ርዕሶች አንዱ ነበር። ኋላም ተመራማሪዎች በዚያው አካባቢ ቤቶች ውስጥ ከማገዶ የሚወጣውን ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ለክተው ከዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በላይ ሆኖ አግኝተውታል። ፕሪሙሱም የጢሱ ጥናት አጋርም ከአንድ አገር፣ ከስዊድን፣ መምጣታቸው ይገርመኛል።

የጋዝ ሲሊንደር ሲመጣ ብዙ ጠጋኝ ፈራው። አጎቴ አልፈራም፤ በክብሪት ፈንታ የሳሙና አረፋ ያዘ። የጋዙን ቱቦና ማያያዣውን አረፋ ቀብቶ ይጠብቃል፤ የሚያፈስ ካለ አረፋው ያብጣል። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ እንደሚተኛ ያውቅ ነበርና መጀመሪያ በር ያስከፍታል። ሁለቱም ከተሞች ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ አየሩ ከባሕር ዳሩ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ለቆላ አገር የተሠራ ምድጃ እዚህ ነበልባሉ ቢጫ ሲሆን የአየር መግቢያውን ከፈት ያደርግለታል።

አሜሪካ፣ ኮሎራዶ የሚኖረው ልጁ አንድ ክረምት ቤት ከሆነ መኪና ውስጥ ሆኖ ደወለለት። በፕሮፔን የሚሠራው ማሞቂያ ቆሞበታል።

«አባባ፣ ንፋሱ ይነፍሳል፤ እሳት ግን የለም።»

«እስቲ ሻይ ጣድ። ምድጃው ይነዳል?»

«ይነዳል።»

«እንግዲያ ጋዝ አለ፣ ሲሊንደሩን ተወው። ንፋሱስ እንደ ድሮው ነው? እጅህን አስጠጋና ንገረኝ።»

ንፋሱ ደክሞ ነበር። እንዲህ ባለው ማሞቂያ ውስጥ ንፋስ ሲገፋት የምትዘጋ አንዲት ትንሽ ክንፍ አለች፤ እርሷ ካልተገፋች የተቃጠለው አየር አይወጣም ተብሎ ጋዝ አይለቀቅም። የመኪናው 12 ቮልት ባትሪ ስለደከመ ማራገቢያው ክንፏን የሚገፋ ጉልበት አጥቷል። ልጁ ባትሪውን ሲሞላ ማሞቂያው ነደደ። አጎቴ እንዲህ ያለ ማሽን በዓይኑ አይቶ አያውቅም። የጠየቀው የፕሪሙሱን ጥያቄ፣ በፕሪሙሱ ቅደም ተከተል ነው፤ ሙያ የምለው ይህን ነው።

ዛሬ ላምባ ተወዶ ቡታጋዝ ከገበያ እየወጣ ነው። ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆናለች፣ ወልቂጤ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ አላት። የታሪክ ተማሪዎቹ የመመረቂያ ርዕስ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልጋቸውም፤ በመናኸሪያው ዙሪያ ያሉትን ሽማግሌ ጠጋኞች በሕይወት ሳሉ ይጠይቋቸው። እናንተም በቤታችሁ ጓዳ የቆየ ፕሪሙስ ካለ ለቆራሌው አትስጡት፤ ከነፓምፑና ከነመርፌው አስቀምጡት፣ ማን ይጠግነው እንደነበርም ስሙን ጽፋችሁ አብራችሁ አኑሩት።