ባዶ እንጂ ኦና ያልሆኑ ክፍሎች

በአማርኛ ባዶ ቤትና ኦና ቤት አንድ አይደሉም። ባዶው ዕቃ ያልገባበት ወይም ባለቤቱ ለጊዜው የወጣበት ነው፤ ኦናው ግን ሰው ጥሎት የሄደ፣ ጭስ የማይወጣበት ቤት ነው። የዴንማርካዊውን ሠዓሊ የቪልሄልም ሐመርስሆይን ሥዕሎች ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመለከት ሰው ኦና ቤት ያየ ይመስለዋል፤ ብዙዎቹም ሥራዎቹን የብቸኝነት ሥዕሎች ይሏቸዋል። ፍርዱ ግን የተቸኮለ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1864 በኮፐንሐገን የተወለደው ሐመርስሆይ ከ1898 እስከ 1909 ከባለቤቱ ከኢዳ ጋር በክርስቲያንስሐቭን ሰፈር፣ በስትራንድጌዴ ጎዳና ቁጥር 30 ኖሯል። ቤቱ በ1636 የተሠራ ነበር። ሠዓሊው በዚያ ቤት ውስጥ ከስድሳ የሚበልጡ የክፍል ሥዕሎችን ሠርቷል። በ1900 በሣለው አንድ ሥዕል መስኮት፣ የተዘጋ በርና በመስተዋቱ አልፎ ወለሉ ላይ የተኛ የፀሐይ ብርሃን ብቻ ይታያሉ፤ በጨረሩ ውስጥ ብናኝ ይንሳፈፋል። ወንበር የለም፤ ሰው የለም። በ1905ቱ ሥዕል ደግሞ የተከፈቱ ነጫጭ በሮች አንዱን ክፍል ከሌላው እያገናኙ ዓይንን ወደ ውስጥ ይስባሉ። በሩን ማን ከፍቶት እንደሄደ ሥዕሉ አይነግርም።

የዚህ ባዶነት ምስጢር የሚገለጠው ሥዕሎቹ ጎን ለጎን ሲታዩ ነው። የዚያው ቤት ክፍሎች በሌሎች ሥዕሎች ላይ ጠረጴዛ፣ ፒያኖ፣ ሸክላ ሳህን፣ እንዲሁም ጀርባዋን የሰጠች ኢዳ አሉባቸው። ስለዚህ ባዶነቱ የተገኘ ሳይሆን የተመረጠ ነው። የዘመኑ ባለጸጋ ቤቶች በወፍራም መጋረጃ፣ በምንጣፍና በጌጣጌጥ የታጨቁ ነበሩ። እርሱ ግን ዕቃውን እየቀነሰ የግድግዳውን መስመር፣ የበሩን ክፈፍና የብርሃኑን ጉዞ አስቀረ። ቀለሙንም በግራጫ፣ በነጭና በቡናማ ወሰነው። ክፍል ሰው በሌለበት ጊዜም ውበት እንዳለው፣ ምናልባትም በዚያው ጊዜ ይበልጥ እንደሚያምር፣ ለጋዜጠኛ ተናግሯል።

ገጣሚው ራይነር ማሪያ ሪልከ በ1904 ኮፐንሐገን ሄዶ ሠዓሊውን አግኝቶት ነበር፤ ስለ እርሱ ሊጽፍ ያሰበው ጽሑፍ ግን ሳይጻፍ ቀረ። ሐመርስሆይ ከሞተ በኋላ ስሙ ከዴንማርክ ውጭ ለረጅም ጊዜ ደብዝዞ ቆይቶ፣ በ1997 በፓሪስ፣ በ1998 በኒው ዮርክ፣ በ2008 በለንደን በተዘጋጁ ዐውደ ርእዮች ዳግም ታወቀ።

ባልና ሚስቱ በ1909 ቁጥር 30ን ለቀው ወደ ሌላ ሰፈር ሄዱ። ከዓመታት በኋላ፣ በ1913፣ ወደዚያው ጎዳና ተመልሰው ቁጥር 25 ገቡ። ይህ የቀድሞው የእስያ ንግድ ኩባንያ ሕንፃ ነበር፤ ሐመርስሆይ በ1902 የኩባንያውን ሕንፃዎች ከውጭ፣ አንድም ሰው ሳያስገባ ሥሏቸው ነበር። በ1916 እስኪሞት ድረስ በዚያው ኖረ።