ቡና በሐይቅና በአምባሰል፤ ከሃይማኖት ምልክትነት ወደ ጎረቤት ማዕድነት

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ በሐይቅና በአምባሰል አካባቢ የሚገኙት የቡና መጠጫ ቤቶች በታሪክ ተማሪ ዘንድ ሊጎበኙ የሚገባቸው ለምን እንደ ሆነ ማስረዳት ነው። በሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን፥ በ17ኛው መቶ ዓመት በለንደን ከተማ ስለ ነበሩት ቡና ቤቶች ተምረን ነበር። ታላቁ የሎይድ የኢንሹራንስ ገበያ እንኳ በ1680ዎቹ ከአንድ ቡና ቤት እንደ ተነሣ መምህራችን ነግረውናል። ቡና በባዕድ አገር የሠራውን ታሪክ ያጠናን ልጆች፥ በገዛ አገራችን ምን እንደ ሠራ ግን አልጠየቅንም። (የውጭ አገርና የገዳሙ ዓመቶች በአውሮጳ አቆጣጠር፥ የቀሩት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፈዋል።)

ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሐይቅ የሚደርስ ተመራማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው ገዳሙን ነው። በእርግጥም ሐይቅ እስጢፋኖስ በ13ኛው መቶ ዓመት በአባ ኢየሱስ ሞዐ ዘመን ታላቅ የትምህርት ማዕከል ነበረ፤ በ1280/81 የተጻፈው ወንጌላቸውም በሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ነው። ነገር ግን ወደዚህ ገዳም ሴት አትገባም። ስለዚህ በብራና ላይ የሰፈረው የሐይቅ ታሪክ በአመዛኙ የመነኮሳትና የነገሥታት ታሪክ ነው። ከገዳሙ ተመልሶ በከተማው መንገድ ዳር፥ ቄጠማ በተጎዘጎዘበት ቤት በአጭር በርጩማ ላይ የተቀመጠ ሰው ግን ሌላ ዓይነት ታሪክ ይሰማል። የዚያ ቤት አዛዥ ሴት ናት።

ቡና በዓለም ሁሉ ያለ ክርክር የገባበት አገር ጥቂት ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት የየመን ሱፊዎች ለሌሊት ጸሎት እንዲያነቃቸው ይጠጡት ነበር። በ1511 ግን በመካ ከተማ ተከለከለ፤ ክልከላው ሳይጸና ቀረ እንጂ። በእኛ አገር ክርክሩ በተቃራኒው ወገን ነበረ። ቡና የእስላም መጠጥ ነው ተብሎ በክርስቲያኑ ዘንድ ለረጅም ዘመን ተነቅፎ ቆየ። በወሎ ይህ ሐሳብ ከምን እንደ ተነሣ ለመረዳት አያስቸግርም። ሙስሊሙ ለዱዓ ሲሰበሰብ ቡናው ይፈላል፥ ጫቱ ይቀርባል፥ ዕጣኑ ይጤሳል፤ ቡናው ከጸሎቱ ተለይቶ አይታይም ነበር። ስለዚህ ቡና የሚጠጣ ሰው ጥማቱን ብቻ ሳይሆን ሃይማኖቱን የገለጠ ይመስል ነበር።

በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በደሴ አቅራቢያ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አደረጉ። ከዚህም በኋላ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ፤ ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፥ በኋላም ንጉሥ ሚካኤል ሆኑ። ብዙ ሰው ግን በግዴታ ተጠምቆ በልቡ የቀደመ እምነቱን ጠበቀ። በዚያው በ1870ዎቹ ዓመታት በሸዋ ሌላ ነገር ተጀመረ። ምኒልክ ራሳቸው ቡና ይጠጡ ነበር፤ አቡነ ማቴዎስም ቡና የእስላም መጠጥ ነው የሚለውን የካህናት አስተሳሰብ ለማስወገድ ብዙ እንደ ደከሙ ይነገራል። ቡናም በክርስቲያኑ መካከል በፍጥነት ተስፋፋ።

ታዲያ ለወሎ ይህ ለውጥ ከሌላው አገር ይልቅ ለምን ከበደ? መልሱ በሥጋው ላይ ያለ ይመስለኛል። ክርስቲያኑ ሙስሊሙ የባረከውን ሥጋ አይበላም፥ ሙስሊሙም እንዲሁ። በሠርግና በተዝካር ለሁለቱ ወገን ለየብቻ መታረድ ይኖርበታል። ቡና ግን የሚታረድ ነገር የለውም። ነቀፋው አንድ ጊዜ ከተነሣ በኋላ፥ ሁለቱም ያለ ሥጋት ከአንድ ጀበና ሊቀዱት የሚችሉ ማዕድ ሆነ።

ለዚህ የማቀርበው ማስረጃ ቃላቱን ነው። ሦስተኛው ቡና «በረካ» ይባላል፤ ቃሉ ዐረብኛ ሲሆን ትርጓሜው በረከት ነው። «አቦል»ም የመጀመሪያ ከሚለው የዐረብኛ ቃል፥ «ስኒ»ም ቻይናዊ ሸክላ ከሚለው እንደ መጡ ይነገራል። ዛሬ የማርያምን ማኅበር የምትጠጣ የሐይቅ ክርስቲያን እናት እነዚህን ቃላት ስትጠራ የማንም ሃይማኖት አይመስላትም። ብራና ያልመዘገበውን መቀራረብ አንደበት መዝግቦታል።

ሁለተኛው ማስረጃ ከቤቴ ነው። አያቴ እንደ ነገሩኝ፥ የእሳቸው እናት እስከ ዕለተ ሞታቸው ቡና በአፋቸው አልዞረም። አያቴ ግን ገና በሙሽርነታቸው ከአጥር ማዶ ያሉ ሙስሊም ጎረቤታቸው «ቡና ጠጡ» ብለው ሲጠሯቸው ሄዱ። ከቤት ቁጣ ተነሣ፤ እሳቸውም በማግሥቱ ጎረቤታቸውን በተራቸው ጠሩ። ይህ በየትም መዝገብ አይገኝም። ነገር ግን የጉባኤ ትእዛዝ ያላመጣው አንድነት በእንዲህ ያለ የሴቶች መጠራራት እንደ መጣ አምናለሁ።

ሦስተኛው ምዕራፍ የመኪና ቡና ነው። በ1881 ዓ.ም. ከኢጣሊያ ጋር ውል የተፈረመበት ውጫሌ በዚሁ በአምባሰል ይገኛል። ከዚያ ውል የተነሣው ጠብ ዐድዋን አስከተለ፤ ኢጣሊያም ተመልሶ መጥቶ ከሚያዝያ 1928 እስከ ሚያዝያ 1933 ደሴን ያዘ። የወራሪው ሠራዊት ወጣ፤ «ማኪያቶ» የሚለው ቃልና «ፒያሳ» የሚለው የሠፈር ስም ግን ቀሩ። በሌላ በኩል «ቡና ቤት» የሚለው ስም ወደ መጠጥ ቤት ዞረ። በዚህም ምክንያት ዛሬ ቡናን ብቻ የምትሸጥ ሴት ቤቷን «የጀበና ቡና» ብላ ለመለየት ትገደዳለች።

አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣ ዐውቃለሁ፤ የወሎን መቻቻል እያጋነንን እንዳንጽፍ ያስፈልጋል። በአንድ ረከቦት ዙሪያ መቀመጥ በሕግ ፊት እኩል መሆን ማለት አይደለም። ሁለቱ ጎረቤቶች አብረው ቡና በሚጠጡበት ዘመን ሁሉ የአንደኛይቱ በዓል ብቻ የመንግሥት በዓል ነበረ፤ የእስልምና በዓላት ይህን ክብር ያገኙት ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ነው። ስኒው መብትን አልሰጠም። የሰጠው ነገር መተዋወቅ ነው፤ መተዋወቅ ደግሞ ችግር በመጣ ጊዜ ማን የማንን ልጅ እንደሚሸሽግ ይወስናል።

ስለዚህ ወደ ሐይቅ የሚሄዱ ጓደኞቼን የምለምነው ይህን ነው። ገዳሙን ካያችሁ በኋላ ከመንገድ ዳር ካሉት የጀበና ቡና ቤቶች ወደ አንዱ ግቡ፤ በአቦሉም አትነሡ። በአቦል ላይ የሚወራው የገበያ ወሬ ነው፤ የአያቶች ነገር የሚነሣው ብዙውን ጊዜ ቡናው ሲቀጥን ነው። የመጀመሪያውን ጥሪ የሚያስታውሱት እናቶች እያነሱ ሄደዋል። ደብተራችሁን ከመግለጣችሁ በፊት ግን አስፈቅዱ፥ እስከ በረካውም ቆዩ።