ከሞፈሩ በፊት ጉባኤ ቤት

በቀደመው ዘመን ገበሬው ልጁን ለቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሲሰጥ፣ ዛሬ ከብቱን ከሚጠብቅለት እረኛ፣ ነገም ሞፈሩን ከሚረከበው ጉልበት እንደሚለይ አሳምሮ ያውቅ ነበር፤ አባት ይህን መሥዋዕት አልቀበልም ባለ ጊዜም ልጁ ራሱ በሌሊት ከቤት ወጥቶ ወደማያውቀው ደብር ይሰደድ ነበር።

ፊደል ቈጥሮ፣ መልእክተ ዮሐንስን ዘልቆ፣ 150ውን የዳዊት መዝሙር የደገመ ልጅ ለመንደሩ በቂ ሊቅ ነበርና፣ በዚያው ቆሞ ጎጆ ቢወጣ የሚነቅፈው አልነበረም። ነገር ግን ጽኑ ፍቅር ያደረበት ተማሪ ለድጓ ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም፣ ለዝማሬና መዋሥዕት ወደ ዙር አባ፣ ለቅኔ ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ዋድላ፣ ለመጻሕፍት ትርጓሜ ወደ ጎንደር፣ ወንዝ እየተሻገረና ደጋውን ከቆላው እያዛመደ በእግሩ ይጓዝ ነበር።

ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ለውሻ መከላከያ በትሩን ይዞ፣ በየደጁ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል፣ ባለቤቲቱ ከቤተሰቧ ማዕድ ቁራሽ ታወጣለታለች፤ ስለዚህ ለፈጣሪ የሚቀድመውን ድርሻ የሚከፍለው ተማሪው ብቻ ሳይሆን፣ ስሙን እንኳ ሳትጠይቅ የምትመግበው ድኻ እናት ጭምር ነበረች፤ የሊቃውንቱ ታሪክ ሲጻፍ የእርሷ ውለታ መዘንጋቱ እጅግ ያሳዝነኛል። ተማሪው ያገኘውን ቁራሽ በጎጆው ከታመመው ባልንጀራው ጋር ተካፍሎ፣ ቅኔ ተማሪ እንደ ሆነ ከሰው ርቆ ዛፍ ሥር ወይም ገደል አፋፍ ተቀምጦ ይቈጥራል፤ ባለ 2 ቤቱን ጉባኤ ቃና ሲችል ወደ ባለ 3 ቤቱ ዘአምላኪየ፣ ከዚያም ደረጃ በደረጃ ባለ 8 ቤት እስከ ሆነው መወድስ ይወጣል፤ የቈጠረውንም በየኔታ ፊት ሲነግር፣ አንዲት የሳተች ቃል እንኳ ሳትታረም አታልፍም። የኔታም ለዚህ ሁሉ ድካም ከተማሪው ገንዘብ አይጠይቁም፤ ኑሯቸው ደብሩ ከሚቈርጥላቸው ድርጎና ከመሬቱ ፍሬ ነበር። እንዲህ እያለ፣ ለሀብትና ለትዳር የሚመቸው የወጣትነት ዘመን አስቀድሞ ለቃለ እግዚአብሔር ተሰጥቶ፣ የሥጋ ኑሮ ከተረፈው ዕድሜ ይጀመር ነበር። ረኃቡና ተስቦው በየመንገዱ ያስቀሩት፣ መርዶው እንኳ ለእናቱ ያልደረሰ ልጅ ብዙ ነውና ይህን ሥርዓት ሳመሰግን ዋጋውን አልሸሽግም።

በ1900 ዓ.ም. ገደማ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ተከፍቶ፣ የውጭ ቋንቋ ያወቀ ሰው በመንግሥት ቢሮ ደመወዝ ማግኘት ከጀመረ ወዲህ፣ ወላጅ ለልጁ የሚመኘው ቅደም ተከተል ቀስ በቀስ ተለወጠ፤ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በዐዋጅ የሕዝብ ሀብት ሲሆን ደግሞ ጉባኤ ቤቶቹ የቆሙበት የመተዳደሪያ መሠረት ተናጋ።

የጉባኤ ቤቱ ትዕግሥት ያፈራውን ፍሬ ለማየት ለሚሻ የግእዙ መዝገበ ቃላት ይበቃዋል። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ጀምረውት ሳይፈጽሙት ቢያርፉ፣ በኢየሩሳሌም ከእርሳቸው ጋር የደከሙት አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የመምህራቸውን ጅምር የራሳቸው የዕድሜ ልክ ሥራ አደረጉት። እርሳቸውም መታተሙን ሳያዩ በ1936 ዓ.ም. ሲያልፉ፣ አደራው በደቀ መዝሙራቸው በአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ እጅ ቀረ፤ እኒህም ሊቅ ይህን መዝገበ ቃላት፣ መጽሐፈ ሰዋስው ወግስን፣ በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት አብቅተው የመምህራቸውን አደራ ከፈጸሙ በኋላ፣ የራሳቸውን የዐማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. አሳተሙ።